ስልክ በርባሪው

ስልክ በርባሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? አንድ ፎቶ እንዲያይ ስልካችሁን ስትሰጡት ጓዳችሁ ድረስ ዘልቆ የሚገባ? እኛ ላሊበላ ሞልቷል።

ባለፈው ማኅበር ላይ የአሸተን ማርያም ገዳምን ፎቶ እንዲያዩ ስልኬን ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። በአንዱ አልቆሙም፤ ጣታቸው ሲንሸራተት ሲንሸራተት የቆለፍኩት መተግበሪያ ላይ ደረሰ። ስልኩም "የይለፍ ቃል ያስገቡ" አላቸው።

"ምን ደብቀህ ነው?" አሉ ጮክ ብለው። ማኅበርተኛው ሁሉ ጠላውን አስቀምጦ አየኝ። ሚስቴም አየችኝ።

ለእናንተ ልንገራችሁ፤ የአሻንጉሊት መኪና ውድድር ማካሄጃ ነው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ስናሽቀዳድም ዙር ይቆጥርልናል፣ ሰዓት ይይዝልናል። በቃ! ብከፍተው ወዲያው ነጻ እወጣ ነበር። ግን ለምን ብዬ? ንጹሕ ሰው በር አያስፈልገውም ያለው ማነው?

"ክፈተዋ!" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የመቅደሱ መጋረጃ የተሰቀለው ነውር ለመደበቅ ነው እንዴ?"

መሪጌታ ስልኬን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ሚስቴ ግን እስካሁን "መጋረጃው ውስጥ ያለችው ማን ናት?" ትለኛለች። መኪና ናት ብላት ታምነኛለች? ባታምነኝም አልከፍትም!