ባር ውስጥ «ተቀበል!» ብዬ ጉድ የሆንኩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ባር ገባሁ። አዎ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ! ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የገባሁት በልጅ ልጄ በሊያ ምክንያት ነው። ሊያ ባንድ አላት፤ ቫዮሊን ትጫወታለች። አኮርዲዮን አለ፣ ባንጆ አለ፣ ድራም የሚደበድብ ባለ ቀይ ጢም ሰውዬ አለ፣ ክንዱ ላይ ንቅሳት ያልነካው ቦታ የሌለ ብሬንዳን የሚባል ዘፋኝ አለ። የአየርላንድ የገጠር ዘፈን ነው አሉኝ። ይሁን። አጨዋወታቸው ግን ቤት እየተቃጠለባቸው ነው የሚመስለው! ሰዉ አብሮ ይጮኻል፣ ወለሉን በጫማ ይወቅጣል፣ ቢራው ወደ ላይ ይረጫል። ነጠላዬም ድርሻዋን አገኘች።

ይሄ ሁሉ ግድ አልሰጠኝም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ሞሪን!

ሞሪን የአማቼ እናት ናት፤ ለሊያ የአባቷ እናት። ዘሯ ከአየርላንድ ነው። ትናንት ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈች፤ እሷና ሊያ ባር ውስጥ ተቃቅፈው። ለካ በየእሑዱ እዚያ ናት! እኔን ማን ጠራኝ? ማንም። ስለዚህ ሳልጠራ ሄድኩ።

ከመድረኩ ፊት ጠረጴዛ ተይዞላታል። አስተናጋጇ ሳትጠይቃት ቢራዋን ታመጣለች። ባንዱ በሙሉ «ናና! ናና!» ይላታል፤ በእነሱ አያቴ ማለት ነው። እኔ ለስላሳዬን ይዤ ካፖርት መስቀያው ሥር ተቀመጥኩ። ከአንዱ ካፖርት የሚንጠባጠበው በረዶ አንገቴ ውስጥ ይገባል።

ሊያ ማይኩን ያዘች። «ይሄኛው ለናናዬ ነው!»

ጉልበቴን ስትል የከረመች ሴትዮ ተነስታ ዘለለች! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እስቲ ፍረዱኝ። ልጄ ሆስፒታል ሺፍት ስትገባ ያቺን ልጅ ከሰፈራችን ከጄን ኤንድ ፊንች በባስ ወደ ቫዮሊን ትምህርት ያመላለሳት ማን ነው? ሳጥኑን በበረዶ የተሸከመው ማን ነው? ኮሪደር ላይ ካፖርቷን ታቅፌ፣ ያንን የድመት ለቅሶ የሚመስል ልምምድ ስሰማ የኖርኩት እኔ! ሞሪን ለገና ኬክ ይዛ ትመጣ ነበር። አለቀ። ዘፈኑ ለእሷ?

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፍርድ ሲጓደል ግን ዝም ማለት አልችልም።

ባንጆው ክሩን ሊያጠብቅ ዝም ሲል መድረኩ ሥር ደረስኩና ጮኽኩ። «ተቀበል!»

እኛ አገር አዝማሪ ፊት የቆመ ሰው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ብሬንዳን ይሄን ከየት ያውቃል? ሊያን አየ። ሊያ ስታየኝ ፊቷ በራ! «አያቴ ናት! የምትልህን ድገም!» አለችው። ምርቃት መስሏታል፣ የኔ ምስኪን።

ሰጠሁት፦

«በበረዶ በብርድ ያመላለስኩ እኔ፣
ቢራዋን ጨብጣ ቀማችኝ ከጎኔ!»

ምንም አልገባውም። ግን በዚያ ጎርናና ድምፁ ተቀበለኝ! ድራሙ ተከተለ፣ አኮርዲዮኑ ገባ። ቤቱ በሙሉ ብርጭቆ አንስቶ «ከጎኔ! ከጎኔ!» ሞሪንም አብራ! ያወደስኳት መስሏት መጥታ አቀፈችኝ እኮ!

ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። ለትንሽ።

ባንኮኒው ጋ የቆመ አንድ የአገራችን ሰው ግን «እማማ፣ ምነው እንዲህ ጨከኑ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ሞሪን ሳቁን አየች። «ምን ማለት ነው?» አለቻት ሊያን። ሰዉም ተቀብሎ ይጮህ ጀመር። «ይተርጎም! ይተርጎም!»

ሊያ አየችኝ። እንዳትዋሽ አድርጌ ያሳደግኳት እኔው ነኝ። ጥፋቴ! ማይኩ ላይ ቃል በቃል ተረጎመችው።

የተነሳው ብርጭቆ ሁሉ ወረደ።

ሞሪን ቢራዋን አስቀመጠች። «መልስ መስጠት ይፈቀዳል?» አለችኝ።

ደንብ ደንብ ነው። ይፈቀዳል ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ማይኩን ይዛ በእንግሊዝኛዋ እንዲህ አለች፦ «በባስ የተንገላታሽው አንቺ ነሽ፤ አልክድም። ዘፈኑን ግን አልቀማሁም፣ ጠይቄ ነው! እንዲህ የሚጮህ አፍ እያለሽ አንቺ ለምን አልጠየቅሽም?»

ቤቱ ፈረሰ! ብሬንዳን እሱንም ተቀብሎ ዘፈነው! በገዛ አገሬ ጨዋታ ተረታሁ!

ዕረፍት ሲሆን ሊያ መጥታ ካፖርቶቹ ሥር አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዘፈን እንደምትፈልጊ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዘፈን ይለመናል እንዴ? እንድመጣ እንኳን ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ዋት? ስንጀምር ኢንቫይት አደረግኩሽ። ‹አይ፣ እኔ ይቅርብኝ› አልሽ። ደግሞ ኮል አደረግኩሽ። ‹ይቅርብኝ› አልሽ። ከዚያ ተውኩት።»

«እሱማ አጥብቀሽ እንድትለምኚኝ ነዋ!»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ኖ ስትዪ ኖ መስሎኝ!»

ወይ እኔ! ለካ ልጅቷን ቫዮሊን አስተምሬ «በሞቴ» ማለትን አላስተማርኳትም! እኔ እስክለመን ስጠብቅ፣ እሷ ፈቃዴን አክብራ ተቀምጣለች። ሞሪን ደግሞ ያለምንም ይሉኝታ «ለእኔም አንድ ዝፈኚልኝ» ብላ ጨረሰች።

ሊያ እጄን ያዘችኝ። «በሚቀጥለው እሑድ ነይ። ፊት ትቀመጫለሽ፤ ለአንቺ ብቻ አንድ ዘፈን እንሠራለን።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ቀደመው። «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ።»

ምን አለች መሰላችሁ? «ኦኬ!» ጠቀሰችኝና ወደ መድረኩ ሮጠች።

አሁን ቤቴ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። «እመጣለሁ» ብዬ ልጻፍላት ወይስ አንድ ጊዜ እስክትደግመው ልጠብቅ? ቶሎ መልሱልኝ፤ ሞሪን ያንንም ዘፈን ሳትጠይቅ አታድርም!