ምስጋና በጊዜ አይገደብም

ውሃ ያላቸው ሰፈሮች ሞልተዋል፤ ይህ ምንም አያስደንቅም። ውሃ ሳይኖረው ስለ ውሃው የሚያመሰግን ሰፈር ግን ይህ ብቻ ነው። ለዚህ ክብር ያበቁት የሰፈሩ ሊቀመንበር፣ ዘመን የማይሽረው የስብሰባ ደንብ ያወጡ ሰው ናቸው። በደንቡ መሠረት ቅሬታ ያለው ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ ምስጋና ያለው ግን በጊዜ አይገደብም። አመስጋኝን ማቋረጥም ነውር ነው። ሊቀመንበሩ ይህን የሚያስከብሩት ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ትንሽ ደወል ሲሆን፣ ደወሉ ጨዋ ስለሆነ ምስጋና ሲሰማ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

የደወሉን ድምፅ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብልጣ የምታውቀው አጣቢዋ ናት። የሰው ልብስ አጥባ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ያለው የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ወዲህ ግን ከምንጭ ውሃ በጀርባዋ እያመላለሰች፣ ወገቧ ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል። «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ...» ስትል ደወሉ ይጮሃል። «ኧረ ወገቤ...» ስትል ይጮሃል። አንድ ቀን ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ቢጮህባት ምክንያቱን ጠየቀች።

«ቅሬታው ፊትሽ ላይ ታይቶኝ ነው» አሏት ሊቀመንበሩ። አርቆ አሳቢ መሪ እንዲህ ነው፤ የሕዝቡን ችግር አፍ ሳይከፈት ይረዳል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ቤቷ መጡ። መግቢያ አልነበረም። የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። የማረፊያው ባለቤት ቁርጧን ነግራታለች፤ ነገ ነጥተው ካልተመለሱ ሥራው ለሌላ አጣቢ ይሰጣል። ያ ሥራ ከሄደ ደግሞ አጣቢዋ የሚቀራት የወገብ ሕመሙ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉ ሊቀመንበሩ አንሶላውን እየዘለሉ። «ነገ የሰፈራችን የምስጋና ቀን ነው። በነዋሪው ስም የምታመሰግኚው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ምን አግኝቼ ጋሼ?»

«ውሃ ነዋ!»

«የቱን ውሃ?»

«ነገ የሚለቀቀውን። ከላይ የተከበሩ እንግዳ ይመጣሉ። ደረቅ ቧንቧ አቁመን ብናመሰግን ሰው ምን ይለናል?»

«እሰይ! መቼ ነው የሚዘጋው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳይከፈት መዘጋቱን ትጠይቂያለሽ?»

«ለምጄ ነው ጋሼ።»

«ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ክፍት ነው። እንግዳው ንግግር አድርገው ከወንበራቸው ሲነሱ የቧንቧው ቁልፍ ያዥ ይዘጋዋል።»

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው እኔን?»

«አመስግኖ የኖረ ሰው ምስጋናው ውሃ ውሃ ይላል» አሉ ሊቀመንበሩ። «የነገረኛ ምስጋና ግን ቅመም አለው።»

ሲወጡ፣ ነገ ማይክራፎኑን ይዛ ልትሰድባቸው አሰበች፤ ስድብ ግን ከቅሬታ ይመደባል፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ቆይታ ቆይታ «ፕሮግራሙ እስኪያልቅ» ያሉት ትዝ አላትና ብቻዋን ሳቀች። ተነሥታም ጎረቤቷን ፀጉር አስተካካዩን አንኳኳች።

«አንተ፣ በርሜልህ ያፈሳል?»

«አያፈስም። ምነው እትዬ?»

«ነገ እንዳታሳፍረኝ። ለጎረቤትም ንገር።»

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ፤ ቧንቧው አንገት ላይ ሪባን ታሰረ። ከላይ የመጡት እንግዳ ፊት ወንበር ላይ ተደላደሉ። ሊቀመንበሩም «ውሃን ከማዳረስ አኳያ የተመዘገበውን አመርቂ ውጤት አጠናክሮ ከማስቀጠል አንጻር» ብለው ጀመሩና፣ ዓረፍተ ነገሩ መድረሻ ቢያጣ በጭብጨባ አስጨረሱት። ቁልፍ ያዡ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ወረደ፤ እውነተኛ ውሃ! ከድንኳኑ ጀርባ በርሜል፣ ባልዲና ጀሪካን ተሰለፈ። የአጣቢዋ ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ የማጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገባችና አንሶላውን ትረግጠው ጀመር።

አጣቢዋ ማይክራፎኑን ተቀበለች።

መጀመሪያ እንግዳውን አመሰገነች። ቀጥላ ሊቀመንበሩን፣ ከዚያ የሊቀመንበሩን ክራቫት፣ የተቀመጡበትን ወንበር፣ ወንበሩን የሠራውን አናጢ፣ አናጢውን የወለዱትን እናቱን፣ እናቱን ያዋለደቻቸውን አዋላጅ። ከአንጀት ካመሰገኑ ቃል አይገድም።

«በቃሽ እህቴ» አሉ ሊቀመንበሩ በጥርሳቸው መሀል።

«"በቃሽ" ስላሉኝም አመሰግናለሁ!»

ጭብጨባ ሆነ። የሊቀመንበሩ እጅ ሳያስበው ወደ ደወሉ ሄደ።

«ደወሉንም አመሰግናለሁ» አለች። «ያለ እሱ የሁለት ደቂቃን አጭርነት ማን ያሳየኝ ነበር? አመስጋኝን ማቋረጥ ነውር ነው ላለው ደንባችንም ምስጋናዬ ይድረሰው!»

እጃቸው ተመለሰ። አዋቂ ሰው በገዛ ደንቡ ሲታሰር ማየት እንዴት ያለ ውበት አለው! ገንዳው ውስጥ የአንሶላው እኩሌታ ነጥቶ ነበር።

ድንገት ጉሮሮዋ ደርቆ ሳል ያዛት። እንግዳው ጊዜ ሳያጠፉ እንደተቀመጡ ማይክራፎኑን ወሰዱ።

«በሥራ ዘመኔ እንዲህ የረካ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ለዚህ ሰፈር አዲስ የውሃ መስመር ታስቦ ነበር። ይህን ለሚያህል እርካታ ግን መስመር ምን ያደርግለታል? ስለዚህ መስመሩ ወትሮ ለሚያማርረው ለጎረቤት ሰፈር እንዲሰጥ ወስኛለሁ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። አንታዘበው፤ ለዓመታት ለጭብጨባ የሠለጠነ እጅ ጆሮን አያማክርም። ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ያኔ እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ቁልፍ ያዡ ወደ ቧንቧው ተጠጋ። አጣቢዋ ገና ያልታጠበውን ቁልል አየች። መጮህ አማራት። ደወሉንም አየችው።

ማይክራፎኑን ከእንግዳው እጅ ቀስ ብላ ወሰደች።

«ጌታዬ፣ ሳልኩ እንጂ መቼ ጨረስኩ?»

እንግዳው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ፤ ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ደንብ ደንብ ነው።

«ስለ መስመሩም እናመሰግናለን» አለች። «ላልመጣው መስመር፣ ላልተቆፈረው ቦይ፣ ቦዩን ላልቆፈሩት ቆፋሪዎች...»

«እኔም አለኝ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዋ ቆሞ። ግንበኛው ከእሱ ኋላ ቆመ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ከግንበኛው ኋላ። ቅሬታ ለማቅረብ ሦስት ሰው ቆሞ በማያውቅበት ሰፈር፣ የአመስጋኙ ሰልፍ ድንኳኑን አልፎ መንገዱን ዘጋ። ግንበኛው ድንጋይን በየዓይነቱ ሲያመሰግን አንሶላው ሁሉ ገመድ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይውለበለብ ነበር። ውሃው ግን ይወርዳል፤ ያልተሞላ ባልዲ ገና አለ።

ፀሐይዋ ከረረች። የእንግዳው ከንፈር ደረቀ።

«ውሃ» አሉ በመጨረሻ፤ ብድግም አሉ።

ሊቀመንበሩ በድንጋጤ ቁልፍ ያዡን ፈለጉት። እንግዳው ከወንበራቸው ሲነሱ መዝጋት የእሱ ሥራ ነበር። ቁልፍ ያዡ ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ሚስቱ ያመጣችለትን ጀሪካን ይዞ ውሃው ሰልፍ ላይ ቆሟል። እንግዳው መነሣታቸውን አየ፤ ጀሪካኑንም አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ አደረገ።

እንግዳው ብርጭቆ ይዘው ወደ ቧንቧው አመሩ። ከሰልፉ መሀል አንዲት አሮጊት በባልዲያቸው መንገድ ዘጉ።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ጠምቶኝ ነው እማማ።»

ድንኳኑ ውስጥ የአጣቢዋ ድምፅ በማይክራፎን ተሰማ፤ ትሕትናዋ ከወትሮው በልጦ ነበር።

«ወረፋ አለ ጌታዬ፣ ከመጨረሻ ይጀምሩ። እስኪደርስዎ ቆመው ያመስግኑ፤ ምስጋና እንደሆነ በጊዜ አይገደብም።»