«መጻፍ» በደረጃ ሲታደል

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ደመወዝ በገባ ማግስት

ቦታ፦ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ክፍል

የተገኙ፦
ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
የሂሳብ ሹሙ፣ አባል
የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም፣ በቅጽል ስማቸው «አምባሳደር»፣ አባል (ስፓኒሽ በሚነገርበት አገር አውሮፕላን ቀይረዋል)
የስፓኒሽ መምህርቷ፣ አስረጂ፤ ድምፅ አይሰጡም
ጸሐፊው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ምልዓተ ጉባኤው አምባሳደር ኮሪደር ላይ ስልካቸውን ጨርሰው ሲገቡ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ማተሚያ ቤቱ እስከ ዛሬ ማምሻ የሚጠብቀው የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ

መምህርቷ ገጹ ዛሬ ካልደረሰ መጽሐፉ እንደማይታተም፣ መጽሐፍ ከሌለ የስፓኒሽ ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ ክፍሉ ከተዘጋ እሳቸውም ከሥራ እንደሚሰናበቱ አስረዱ። ሰብሳቢው «ጥድፊያውን ተይው እስቲ፣ እህቴ» ብለው፣ ጉባኤው ሳያጸድቀው ገጹ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

መምህርቷ ስለ መጻፍ የሚናገሩ የስፓኒሽ ግሶች ያሉበትን ገጽ አነበቡ። «ኤስክሪቢር» ለማንኛውም መጻፍ ይሆናል፣ ስምም ሆነ ልቦለድ። «አኖታር» የሰሙት እንዳይረሳ ጫር አድርጎ መያዝ ነው። «ሬዳክታር» አስቦና አሰናድቶ እንደ ዘገባ ያለውን ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። «ጋራባቴያር» መሞነጫጨር ነው። «ፊርማር» መፈረም ነው።

አምባሳደር በአየር ማረፊያው ከእነዚህ አንዱንም እንዳልሰሙ ገልጸው የገጹን ትክክለኛነት ተጠራጠሩ። ታዲያ ምን እንደሰሙ ቢጠየቁ «ማስታወቂያ ነዋ! እሱም በእንግሊዝኛ» ብለዋል።

የሂሳብ ሹሙ ለአንድ ሥራ አምስት ቃል ማዋል ብክነት መሆኑን አመለከቱ። መምህርቷ ሥራው አንድ አለመሆኑን ደግመው፣ ደጋግመው አስረዱ። ሰብሳቢው «ሥራውማ አንድ ነው፤ የሚለያየው ሠራተኛው ነው» በማለት ችግሩን ፈቱት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቃላቱ በሥራ ደረጃ እንዲታደሉ ተወሰነ፦ «ሬዳክታር» ለሥራ አስኪያጅ ብቻ፣ «ኤስክሪቢር» ለሂሳብ ሹም፣ «አኖታር» ለጸሐፊ፣ «ጋራባቴያር» ለተማሪ። አምባሳደር የእሳቸው ድርሻ የቱ እንደሆነ ጠይቀው «አንተ ቆይ፣ ሲገኝ እንሰጥሃለን» ስለተባሉ፣ አኩርፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

መምህርቷ «ፊርማር ታዲያ ለማን ቀረ? ጋሼ፣ እርስዎ ሲሠሩ ያየሁት እሱን ብቻ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዋል። ወጥቷል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው ማብራሪያ ጠየቀ። «ሬዳክታር» የሥራ አስኪያጁ ብቻ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ጸሐፊው እያዘጋጀ ሰብሳቢው ሲፈርሙበት የኖሩት፣ ሐሙስ ለቦርዱ የሚቀርበው ዓመታዊ ዘገባ በማን ይዘጋጃል?

የሂሳብ ሹሙ ውሳኔው ግልጽ መሆኑን፣ ክብሩም የሰብሳቢው ብቻ መሆኑን በደስታ አረጋገጡ። ሰብሳቢው «አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ?» አሏቸው። ቀጥለውም ዘገባ በምን እንደሚጀመር ጸሐፊውን በለሆሳስ ጠየቁት። ጸሐፊው ደረጃው የሚፈቅድለት የሰማውን መያዝ ብቻ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ይዟል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው ላባቸውን ጠርገው፣ ጉባኤው ከተከፈተ ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ምንም ያልደረሳቸው አምባሳደር አጥብቀው ደገፉ። መምህርቷ «ሁሉም?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «ሁሉም አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ገጹ ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚለውም አብሮ ስለተሻረ፣ መምህርቷ ገጹን ከጠረጴዛው አንስተው ወጡ። ሰብሳቢው «ወዴት ነው?» ቢሉ፣ ከደረጃው «ማተሚያ ቤት፣ ጋሼ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህንንም ለመሻር ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ የአምባሳደር ስልክ ጮኸ፤ ኮሪደር ስለወጡም ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ።

ጉባኤው በአሥር ሰዓት ተኩል ተበትኗል። ይህ ቃለ ጉባኤ ለሰብሳቢው ቀርቦላቸው፣ ሳያነቡ ፈርመዋል።