የበራውን የሚጠረጥር ሰው

ዕቃ ሲበላሽበት የሚጠረጥር ሰው ሞልቷል። ሳይበላሽበት የሚጠረጥር ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ሲያትል አንድ ጓደኛ አለኝ። ጌታሁን ይባላል፤ ቤልቪው የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ በገዛ እጁ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን አለችው።

በቅርቡ የአውሮፕላኗን አሮጌ ባለቀስት መለኪያዎች አውጥቶ በምትካቸው ስክሪን ሊገጥም ተነሣ። ወራት የፈጀበት ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ ፕላን ነው። ዋናው ባትሪ ቢከዳኝስ ብሎ ሁለተኛ ጨመረ። ደግሞ ሁለቱ ቢያድሙብኝስ ብሎ መስመራቸውን ለያየ። ባትሪ ያድማል እንዴ?

ቅዳሜ ዕለት ሚስቱን አልማዝን ስፖኬን ከተማ ያለችው እህቷ ዘንድ በአየር ሊያደርሳት ተነሣ። እኔም ልሸኛቸው ሄድኩ። አልማዝ ቦርሳዋን ታቅፋ አውሮፕላኗ ውስጥ ገባች። ጌታሁን ማብሪያውን ሲጫን ስክሪኑ ወዲያው ቦግ አለ። እኔ አጨበጨብኩ፤ የእሱ ፊት ጠቆረ።

«በአንዴ?» አለ። «ይሄ ጤነኛ ነገር አይደለም።»

«ሶ፣ አንሄድም?» አለችው አልማዝ።

«በርቷል እኮ! እንዴት ብለን እንሄዳለን?»

ሽቦውን ሁሉ ፈትቶ እንደገና አሰረ። አሁን ማብሪያውን ሲጫን ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ። ለካ ራሱ አንዱን ሽቦ ሳያገናኝ ረስቶታል። እሱን አገናኝቶ ሲያበራው ፊቱ በደስታ ፈካ።

«አላልኳችሁም? ኦኬ፣ ችግሩ ታወቀ፤ እንነሣ!»

አልማዝ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

«ሽቦውንስ ከመጀመሪያው አምኜው ነበር» አለችው። «እኔ የምጠረጥረው አንተን ነው።»

በመኪናዋ ልትሄድ ተነሣች። እኔ ግን አውሮፕላኗ ውስጥ ትታው የወረደችው ወንበር ለእኔ እንዳይደርሰኝ ፈርቼ፣ ከእሷ ቀድሜ መኪናው ውስጥ ገባሁ።