የአቶ ግዛቸው የእሳት እራት

በየሰፈሩ ያልተጠየቀውን የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሙሉጌጥ ደግሞ ዕጣዋ ሆኖ አጥር ለአጥር የምትዋሰነው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ነበር፤ ከታላቁ ሊቅ፣ ከግብርና ጡረተኛው ከአቶ ግዛቸው ጋር።

አቶ ግዛቸው ስለ ዝናብም፣ ስለ ኩላሊትም፣ ስለ ኩባም የማያውቁት የለም። «አጥንቼ ነው!» ካሉ ክርክሩ አበቃ። ያን ዓመት ግን ሌላውን ሁሉ ትተው በአንዲት የእሳት እራት ተያዙ። የስንዴ ፍሬ ብታህል ነው፤ መልኳ አመድማ፣ በእያንዳንዱ ክንፏ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያላት። ሙሉጌጥ ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

«ትናንት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጮቹ ፋኖስ ላይ አገኘኋት! ታቦር ተራራም ሞልታለች። ምሥራቅ ሰፈር ግን ዝር አትልም። ለምን ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ ግዛቸው!»

የታየችበትን ቦታ ሁሉ ራሳቸው በሳሉት የከተማ ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ለፍተሻ የመጡ አብዮት ጥበቃዎች ካርታውን አገኙና ከነባለቤቱ ወደ ቀበሌ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ቀበሌ ገብቶ የቀረ ብዙ ነው። ሙሉጌጥ ነጠላዋን አንጠልጥላ ተከተለች።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኩማ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«የሚገኙበት ቦታ።»

«መቼ ነው የሚንቀሳቀሱት?»

«ከመሸ በኋላ ብቻ። መብራት ያለበት ይሰበሰባሉ።»

«ቀን የት ይደበቃሉ?»

«በየሰዉ ቤት። እርስዎም ቤት አይጠፉም።»

ጓድ ኩማ ላብ በላብ ሆነ። «ስንት ናቸው?»

«ስፍር ቁጥር የላቸውም!» አሉ አቶ ግዛቸው፤ በስንት ጊዜያቸው ጠያቂ አግኝተው ፊታቸው በርቷል።

ሙሉጌጥ አላስቻላትም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የሚያወሩት ስለ እሳት እራት ነው! እኚህ ሰው ምስጢር ቢኖራቸው እስካሁን አገር በሰማው ነበር!» አለችና የእሳት እራቷን መልክ፣ ክንፍ፣ መዋያና ማደሪያ እንደ ጸሎት በቃሏ አነበነበችው። መቼ እንዳጠናችው ራሷንም ገረማት።

ጓድ ኩማ መዝገቡ ላይ «ነፍሳት ናቸው፤ ድርጅት የላቸውም» ብሎ ጻፈና ለቀቃቸው። ካርታውን ግን ለጥንቃቄ አስቀረው።

በመንገድ ላይ አቶ ግዛቸው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይታ ስለማታውቅ ሙሉጌጥ ፈራች።

«ሙሉጌጥ» አሉ በመጨረሻ፣ «በየክንፏ ሦስት ነጥብ ነው ያልሽው። ሁለት ነው።»

«ውይ፣ ተሳስቼ ነው» አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»