ኮሎኔሉ በየትኛው እጁ?

በዓለም ላይ አስጎብኚ ባለበት ሁሉ አራሚ አለ። ቲኬት ቆርጦ የሚገባው ለማየት ሳይሆን ለማረም ነው። የእኔዋ አራሚ፣ ክብርት እትዬ ድሩሲላ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባለላባ ባርኔጣቸውን ደፍተው በአሜሪካ ካሮላይና፣ ዛሬ ለጎብኚ በተከፈተው በጥንቱ የዌዘርሊ የሩዝ እርሻ ደጅ ይጠብቁኛል።

እንጀራዬ ነውና እጀምራለሁ። "ካሮላይና ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለች ኮሎኔል አምብሮዝ ዌዘርሊ ይህን ቤት ሠሩ።"

"በየትኛው እጁ?" ይላሉ እትዬ ድሩሲላ።

"የሩዙንም ቦይ ቆፈሩ..."

"በየትኛው እጁ? ሪህ ያሰረው ሰውዬ! ማንኪያ እንኳ የምናነሳለት እኛ ነበርን!"

ጎብኚው ይስቃል፤ እኔ ላብ በላብ እሆናለሁ። በዚህ አያበቁም። ሁሉንም እየነዱ ወደ ማድቤቱ ግድግዳ ይወስዳሉ። እዚያ አንድ ጡብ ላይ የግራ እጅ ጣቶች ታትመዋል፤ ትንሿ ጣት ቆልማማ ናት። "ምንጅላቴ ኳሽ፣ በባርነት ጡቡን ሲጠፈጥፍ ጭቃው ሳይደርቅ የተወው ነው። ስሙ ይነሳ!" ከዚያ ጎብኚው ሁሉ ጣቱን ለመለካት ይሰለፋል። ከእትዬ ድሩሲላ ቆልማማ ጣት በቀር የማንም ገጥሞ አያውቅም።

ወሬው ቤቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር ሊቀ መንበር ጆሮ ደረሰ። ወይዘሮ ኮርዴሊያ ዌዘርሊ የኮሎኔሉ ዘር ናቸው፤ በረዶ ያለበት ሻያቸውን ሲጠጡ ቆልማማ ትንሿን ጣታቸውን ቀስረው "የዌዘርሊዎች ምልክት" ይላሉ። "ወይ ታባርራታለህ፣ ወይ አብረሃት ትባረራለህ" ብለውኝ ቅዳሜ ራሳቸው መጡ።

"እመቤቴ፣" አሉ እትዬ ድሩሲላ፣ "ግራ እጅዎን እዚህ ጡብ ላይ ያሳርፉ። ካልገጠመ ዳግም እዚህ ደጅ አልደርስም። ከገጠመ የኳሽ ስም በየጉብኝቱ ይነሳል።"

"ይሁን፣ ዛሬ እንገላገል!" ወይዘሮ ኮርዴሊያ ጓንታቸውን አወለቁ።

እጃቸው ቆልማማዋ ጣት ሳትቀር ልክክ አለ።

እትዬ ድሩሲላ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ወይ ኮሎኔሉ ራሱ ጡብ ጠፍጥፏል፣ ወይ አንቺ የኛው ነሽ።"

ወይዘሮ ኮርዴሊያ ኮሎኔሉን ጭቃ ውስጥ ለማሰብ የሞከሩ ይመስለኛል። አልሆነላቸውም።

"እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቀይ ሩዝ እሠራለሁ፤ ነይ" አሉ እትዬ ድሩሲላ። "ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ደግሞ!"

በቀጣዩ ቅዳሜ ዓይኔ ከደጁ አልተነቀለም። እትዬ ድሩሲላ የፈለጉትን ካገኙ ምን ያመጣቸዋል ብዬ ሰጋሁ። ያ ባርኔጣ ብቅ ሲል ግን ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

"ይህን ቤት የሠራው ኳሽ ነው" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"በየትኛው እጁ?"

"በግራው፣ እትዬ።"

"ጎሽ፣ ልጄ። ቀጥል።"