ምኑ ነው የሚጣለው?

ልጄን ላስመዘግብ የኮሌጅ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆሜ የአንዲት የማላውቃት ተማሪ የቦርሳ ማንገቻ ሲበጠስ አየሁ። ከፊቴ የነበሩ እናት ዞር አሉ። መርፌ አወጡ፤ ክሩ ቀድሞ ገብቶለታል። ሰፍተው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ልጅቷ ገና ሳታመሰግናቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባ ሰው ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ እናት ሳያገኝ አይመለስም። ዓለም ሊጠፋ ነው ቢባል መጀመሪያ የሚጠይቁት «ባትሪ ይዛችኋል?» ብለው ነው። እኔ በልቤ «ክብርት እመቤት ምናልባት» ብዬ ሰየምኳቸው።

ለአንዲት ልጃቸው ሁለት ፍራሽ፣ ባልዲ ውስጥ የገባ ባልዲ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና መዶሻ ይዘው ነበር።

«ፍራሹ ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳቸው።

«ምናልባት አንዱ ቢረጥብስ?»

«መዶሻውስ?»

«ታዲያ ሚስማሩን በምን ትመታዋለች?»

ሚስማሩን አልጠየቅሁም። መጽሐፌን ገልጬ ከዓይኔ አራቅ አድርጌ ማንበብ ስጀምር አዩኝ።

«ጌታው፣ መነጽር ላውጣልዎ? የባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ነው።»

በይሉኝታ አደረግሁት። ፊደሉ ሁሉ ጥርት አለ። ፈጣሪ በየት በኩል እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል የልጃቸው ተራ ደረሰ። መዝጋቢው ኮምፒውተሩን አየና ልጅቷን፣ «ከመጠን በላይ ይዘሻል። አንዱን ጣይ» አላት።

እመቤት ምናልባት መሀል ገቡ። «ምኑ ነው የሚጣለው?»

«የፈለገችውን ትጣል፣ እናቴ።»

«የኔ ልጅ የምትጥለው የላትም! ይኼን ሁሉ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ላስጥል ነው?»

«ደንብ ነው። ካልጣለች አትመዘገብም፤ ካልተመዘገበች ደግሞ ዛሬ አልጋ አታገኝም።»

«ፍራሹን አልጥልም!»

«የምን ፍራሽ?» አለ መዝጋቢው፣ እኛን ሰልፈኞቹን እያየ።

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እማዬ፣ ትምህርቱን ነው የሚለው! ብዙ ኮርስ መርጬ ነው።»

«ምን አስመረጠሽ ይኼን ሁሉ?»

«ምናልባት ቢያስፈልገኝ ብዬ ነዋ!»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ የባላቸውን መነጽር እንዳደረግሁ።

«የትኛው ይጣል?» አለ መዝጋቢው።

«ሥነ ፈለክ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናትየው።

«ስለ ከዋክብት የሚያስተምር።»

እመቤት ምናልባት ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ፣ «እሺ፣ ጣይው» አሉ። ልጅቷ ተመዘገበች፤ አልጋም አገኘች።

የመኝታ ክፍሉ ቁምሳጥን ግን ከአንድ ሻንጣ በላይ አልችል አለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛም «ለአንድ ተማሪ አንድ ካርቶን» ብሎ ፀና። «ባልዲው ውስጥ ያለው ባልዲ ለብቻው ይቆጠራል?» ብለው እመቤት ምናልባት ተከራከሩት። ተቆጠረባቸው።

ልጄን ተሰናብቼ ስወጣ በሩ አጠገብ የተመለሰባቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸው የገባችበትን ሕንፃ እያዩ ነበር።

እኔ ኮሌጅ የገባሁት የልጄን ሻንጣ ተሸክሜ ብቻ ነው። የማውቃትን ጥቂት ነገር ያገኘሁት ሌሎች አንብበው ከጣሏቸው መጻሕፍት ነው፤ ተመስገን። መዶሻ ተሸክሞ በሚመጣ ሰው መሳቅ ከሁሉ ይልቅ የማይገባኝ እኔ ነበርኩ።

መነጽሩን ስመልስላቸው እጄን ገፉት። «ይያዙት። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?»

«ይዘዙኝ» ብዬ ፍራሹን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

«እሱን ይተዉት፣ እኔ እችለዋለሁ። እርስዎ አንባቢ ነዎት። ያ ልጄ የጣለችው፣ የከዋክብቱ… መጽሐፉን ካገኙት አንብበው ያቆዩልን። ምናልባት ቢያስፈልጋት።»